የፈረስ ቆብና የክረምት ጭቃ

ወሩ ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጧት በሩን ከፍተን ስንወጣ ፈረሳችን ከጋጣው ደጃፍ ቆሟል። ትናንት ማታ ዳማ ነበር። ዛሬ ግን መልኩ አይታወቅም። ከጆሮው እስከ ሰኮናው ጭቃ ለብሷል። ጋማው ተድበልብሎ እንደ ገመድ ሆኗል። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ገብስ ጭነን መሄድ አለብን። ታዲያ ኮርቻውን ከዚህ ጭቃ ላይ እንጫን ወይስ ገበያውን እንተወው?

እንዲህ ያለ ጧት ያልገጠመው የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ ይኖራል ብለን አናምንም። በጉና ተራራ ዙሪያ ክረምቱ ከባድ ነው። የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ደመናው እዚያ ላይ ተኝቶ ይውላል። ዝናቡና በረዶው፣ ጉሙና ብርዱ አንድ ላይ ይመጣል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ እግር ይይዛል። በዚህ ጊዜ ፈረስን ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ቀልድ አይደለም።

አንድ ክረምት ባሕር ዳር የሚማረው ልጃችን ለዕረፍት መጣና በስልኩ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳየን። የፈረንጅ አገር ፈረስ ነው። ከአፍንጫው በላይ ጀምሮ እስከ ትከሻው ድረስ ጨርቅ ለብሷል። የሚታዩት ዓይኖቹና ጆሮዎቹ ብቻ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አዩትና፣ «ምነው ልጄ፣ ይህ ፈረስ መነኮሰ እንዴ? ቆብ ደፍቷል እኮ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ልብስ ስም እኛ ዘንድ «የፈረስ ቆብ» ሆኖ ቀረ። በዚህ ጽሑፍም በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ቆቡ ምን ይሠራል? ለእኛስ ይበጃል ወይ?

የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በእንግሊዝ አገርና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ክረምት የሚባለው የእኛ በጋ የሆነው ጊዜ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ ማለት ነው። ያን ጊዜ እዚያ ብርዱ ይበረታል። መሬቱ ይረጥባል፤ አንዳንድ ጊዜም በበረዶ ይሸፈናል። ቀኑም ያጥራል። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው።

እዚያ ፈረስ የሚይዘው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጋልበው ለስፖርትና ለውድድር ነው። ፈረሱ በብርድ ጊዜ ፀጉሩ ይወፍራል። ወፍራም ፀጉር ያለው ፈረስ ሲሮጥ ያልበዋል፤ ላቡም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ፀጉሩን በመኪና ይሸልቱታል። የተሸለተ ፈረስ ደግሞ ይበርደዋል። ስለዚህ ልብስ ያለብሱታል። አንገቱና ራሱ እንዳይቆሽሽ እንደ ካልሲ ከሚለጠጥ ጨርቅ ቆብ ያጠልቁለታል። በተለይ ነገ ውድድር ካለ፣ ፈረሱ ዛሬ ታጥቦና ጋማው ተጎንጉኖ ቆቡን ለብሶ ያድራል። በማግሥቱም ዳኞች ፊት ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል።

የእኛ ፈረስ ዳኛ ፊት አይቀርብም። ፀጉሩም አይሸለትም። የእኛ ፈረስ እህል ይጭናል። ሰው ይጭናል። ሙሽራ ያደርሳል። በሽተኛ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ስለዚህ ንጽሕናውን የምንፈልገው ለመልኩ ብለን ሳይሆን ለሥራው ብለን ነው። ጉዳዩን በዚህ ዓይን ካላየነው ቆቡ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጭቃ ምን ያደርጋል?

ፈረስ ጭቃ ላይ ሲንከባለል ስንፍና ይዞት አይደለም። ቆዳው ያሳክከዋል። ላቡ ይከረክረዋል። ዝንብ ያስቸግረዋል። ሲንከባለል ደስ ይለዋል። ለዚህ ብለን አንምታው።

የፈረስ ፀጉር በራሱ ልብስ ነው። ከቆዳው ቅባት ይወጣል። ያ ቅባት ፀጉሩን ስለሚያለሰልሰው የዝናብ ውሃ ከላይ ከላይ ይንሸራተታል እንጂ ቶሎ ወደ ቆዳው አይዘልቅም። ብርድ ሲሆን ደግሞ ፀጉሩ ይቆማል። በፀጉሩ መካከል አየር ይገባል። ይህ አየር ሙቀቱን ይይዛል። ብርድ የመታት ዶሮ ላባዋን ስትነፋ አይተን የለም? ያው ነው። እንግዲህ በፈረስ ፀጉር ላይ ጭቃ ሲለጠፍ ፀጉሩ ይጣበቃል። መቆም አይችልም። አየር መያዝ አይችልም። ፈረሱም ይበርደዋል።

ነገር ግን ጭቃ ብቻውን ፈረስ አይገድልም። በሰኔ በሐምሌ ሜዳ ላይ የሚውል፣ የማይጫን፣ የማይጋለብ ፈረስ ጭቃ ቢለብስ ብዙ አያሳስብም። ሲደርቅ ይራገፋል። የሚያሳስበው አራት ቦታ ላይ ያለ ጭቃ ነው። አንደኛው ኮርቻ የሚያርፍበት ጀርባ ነው። ሁለተኛው የኮርቻው ማጥበቂያ የሚያልፍበት ደረትና ብብት ነው። ሦስተኛው ልጓም የሚያልፍበት ከጆሮ ኋላ ያለው ማጅራት ነው። አራተኛው ከሰኮናው በላይ ያለው የእግር መታጠፊያ ነው።

በኮርቻና በቆዳ መካከል የገባ ደረቅ ጭቃ እንደ ወፍጮ መጅ ነው። ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ይፈጫል። ከቤታችን ተነሥተን ገበያ እስክንደርስ ስንት ሺህ ጊዜ ይራመዳል? መጀመሪያ ፀጉሩ ይነቀላል። ቀጥሎ ቆዳው ይላጣል። ከዚያ ገጣባ ይሆናል። ገጣባ በአንድ ቀን ይወጣል፤ ለመዳን ግን ወር ይፈልጋል። የወጣለት ፈረስ ገበያ ላይ ዋጋው ምን ያህል እንደሚወርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

እኛ የሠራነው ስሕተት

ፎቶግራፉን ካየን በኋላ እኛም ቆብ እንስፋ አልን። ወሩ ነሐሴ ነበር። ጨርቅ ግን ከየት ይምጣ? ቤት ውስጥ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ አገኘን። ውስጣቸው ላስቲክ አለው። «ውሃ አያሳልፍም፤ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?» ተባባልን። ቀደድነው፤ በወስፌና በሲባጎ ሰፋነው። ለጀርባውም ሌላ ላስቲክ ቀጠልንበት። ፈረሱ ከገበያ በስብሶ እንደገባ አለበስነው። ጎረቤት መጥቶ አየልን። ደስ አለን። በደስታ ብዛት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳናወልቅ ተውነው።

በአራተኛው ቀን ፈረሱ ሸተተን። ልብሱን ስናወልቅ ከውስጥ እንደ ድስት ክዳን ላብ ይንጠባጠባል። ማጅራቱንና ጀርባውን በእጃችን ስንዳስስ ፀጉሩ እየተቆነደደ ከቅርፊት ጋር ተነሣ። ሥሩ ቀይና እርጥብ ነው። ፈረሱ በነካነው ቁጥር ቆዳውን ያንቀጠቅጣል።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ አየና፣ «ይህን ፈረስ ያሳመመው ዝናቡ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ» አለን። ነገሩ መረረን፤ ግን እውነቱን ነው። እንደ ገለጸልን፣ በእንስሳት ቆዳ ላይ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ። ቆዳው ደረቅና ጤነኛ ከሆነ ይህ ተሕዋስ ብዙ አይጎዳም። ቆዳው ለብዙ ጊዜ ከራሰ ግን ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ተሕዋሱ ይገባል። ይራባል። ቅርፊት ያወጣል። ፀጉሩም በጭብጥ በጭብጥ ይነቀላል። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ካገኘማ ይፋጠናል። እኛ ከላስቲኩ ሥር ያዘጋጀንለት ይህንኑ ነበር። በዚያም ላይ ማዳበሪያው የያዘው የኬሚካል ትርፍ የላላውን ቆዳ ያቃጥላል።

ፈረሱ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልጓምም ኮርቻም አልነካም። በዚያው መካከል፣ መስከረም ላይ፣ እናታችን ደረታቸውን ታመሙ። ትንፋሽ አጠራቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈረሱን ጭነን፣ አንድ ሰው ከፊት እየሳበ፣ አንድ ሰው ከጎን እየደገፈ ጤና ጣቢያ እናደርሳቸው ነበር። ያን ቀን ግን ቀሬዛ ቆረጥን። ስምንት ሰው ከአረም ሥራው ተጠርቶ መጣ። በጭቃው ላይ እየተቀባበልን ተሸክመን ወሰድናቸው። ተመስገን፣ ዳኑ። ስንወጣ ፈረሱ ከደጃፍ ቆሞ ያየን ነበር።

ከሐኪሙ የተማርነውን ሕክምና እዚህ ላይ እናስገባው። ቅርፊቱን በጉልበት አንንቀል። ያማል፤ ቆዳውንም ያደማል። ለብ ባለ፣ ጥቂት ጨው ባለበት ውሃ በንጹሕ ጨርቅ እናርጥበው። ቀስ እያለ ሲለሰልስ በራሱ ይለቃል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እናድርቀው። ፀሐይ ከወጣች ፀሐይ ይሙቅ። የወደቀውን ቅርፊት መሬት ላይ አንበትነው፤ ሰብስበን እናቃጥለው። ያከምንበትን እጅ በሳሙና እንታጠብ፤ ይህ ሕመም አልፎ አልፎ ወደ ሰውም ይጋባል። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ወይም ፈረሱ መብላት ካቆመ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ገሳ እና ቤተ ልሔም

ታዲያ ቆብ የሚባል ነገር ይቅር? እንዲህም አልን። በኋላ ግን አንድ እረኛ ገሳውን ለብሶ በዶፍ ዝናብ መካከል ቆሞ አየነው። ገሳ የሣር ሥራ ነው። ላስቲክ አይደለም። ቀዳዳው ብዙ ነው። ነገር ግን ሣሩ ወደ ታች የተደረደረ ስለሆነ ውሃው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከሥሩ ደግሞ አየር ይገባል፤ ይወጣል። እረኛው አይበሰብስም፤ በላብም አይታፈንም።

አገራችን ቤተ ልሔምም ይህንኑ ታስተምራለች። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓ ተማሪ ከየአገሩ እየመጣ ትምህርቱን የሚፈጽምባት ቦታ ስለሆነች ስሟ ከዳር እስከ ዳር የታወቀ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወደዚች ቤተ ክርስቲያን መጣ። ከውጭ ሲያያት ክብ የሣር ክዳን ቤት ናት። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሕንፃ አገኘ፤ በጥንት ዘመን ከድንጋይ የተሠራ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ለዓለም አስታወቀ። የአገሩ ሰውና የድጓ ተማሪው ግን ድሮም ያውቀው ነበር።

እኛ ልናነሣው የፈለግነው ስለ ክዳኑ ነው። ውጪው ቤት ዝናቡን ይቀበላል። የጥንቱ ግንብ ከውስጥ ደርቆ ይቆማል። ክዳኑ ግንቡ ላይ አልተለጠፈም፤ በሁለቱ መካከል አየር ያለበት ባዶ ቦታ አለ። ለፈረስም የሚበጀው ክዳን እንዲህ ያለ ነው። ዝናቡን የሚከለክለው የጋጣው ጣራ ነው። ቆቡ ሥራው ቆሻሻ መከልከል ብቻ ነው፤ አየር ግን ማሳለፍ አለበት።

ቆቡን እንዴት እንስፋ?

የሚያስፈልገን አንድ ያረጀ የቃጫ ጆንያ፣ ለውስጡ አሮጌ ነጠላ፣ ወስፌና ሲባጎ ነው። የተረፈ ያረጀ ባና ካለን ከጆንያው ይሻላል። ባና የበግ ፀጉር ስለሆነ ትንሽ ቢረጥብም ሙቀቱን አይለቅም። ማዳበሪያና ላስቲክ ግን አይሆንም። ጆንያው ቀድሞ ጨው፣ በርበሬ ወይም የተባይ መድኃኒት የተያዘበት ከሆነ እሱንም እንተወው።

ልኩን የምንወስደው በሲባጎ ነው። አንደኛ፣ ከሁለቱ ጆሮዎች መካከል ተነሥተን በጋማው ላይ ኮርቻው እስከሚጀምርበት ድረስ እንለካና እንቋጥር። ሁለተኛ፣ አንገቱን ከጉሮሮው ዘንድ ዙሪያውን እንለካ። ሦስተኛ፣ አንገቱ ከትከሻው በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን እንለካ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ልክ ላይ አንድ አንድ ስንዝር እንጨምር። ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፤ ይጠጣል። ጠባብ ቆብ ጉሮሮውን ይይዘዋል።

ጆንያውን ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርገን እንቁረጥ። በጋማ በኩል ድፍን ይሁን። በጉሮሮ በኩል ክፍት ይሁን። በክፍቱ በኩል ሦስት ቦታ ላይ ማሰሪያ እንስፋበት። ነጠላውን ከውስጥ በኩል፣ በተለይ ጋማው በሚያርፍበት ላይ እንለጥፍ፤ ጆንያ ሻካራ ስለሆነ ጋማ ይበላል። ለጆሮዎቹ ሁለት ሰፊ ቀዳዳ እናውጣ፤ ጠርዙን በነጠላው እንጠቅልለው። ፈረንጆቹ ፊቱንም ይሸፍናሉ። እኛ ግን ፊቱ ይቅር እንላለን። ዓይኑ ላይ የተንሸራተተ ጨርቅ ፈረስ ያስደነብራል፤ የደነበረ ፈረስ ደግሞ ሰው ይረግጣል። ከግንባሩ ላይ አንዲት ቀጭን መያዣ ብትኖር ትበቃለች። ለጀርባው ሌላ ጆንያ ሁለት ጎኑን ቀድደን እንዘርጋና ከቆቡ ጋር እናያይዘው።

ማሰሪያውን በሚመለከት አንድ ብርቱ ነገር አለ። ጠንካራ ገመድ ወይም መጫኛ አናድርግበት። ቀጭን ሲባጎ ይሁን፤ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። ቆቡ በአጥር እንጨት ቢያዝ ሲባጎው መበጠስ አለበት። ሲባጎው ካልተበጠሰ የሚሰበረው የፈረሱ አንገት ነው።

እንዴት እናልብሰው?

ቆብ የሚለበሰው ማታ በጋጣ ውስጥ ነው። በዝናብ ውስጥ አይለበስም፤ ለጉዞም አይለበስም። ፈረሱ በስብሶ ከገባ መጀመሪያ ይድረቅ። ጭቃውን እርጥብ እያለ አንፈግፍገው፤ እርጥብ ጭቃ ሲፈገፈግ ወደ ቆዳው ይገባል። ውሃው ላዩን ብቻ ይጠረግ። የጤፍ ጭድ በጭብጣችን ጠቅልለን ከአንገቱ ወደ ጭራው፣ በፀጉሩ አቅጣጫ እንሽው። ጭዱ ሲርስ በሌላ እንለውጥ። ከዚህ በኋላም ጀርባው ካልደረቀ ሌላ ዘዴ አለ። ደረቅ የጤፍ ጭድ ጀርባው ላይ እንነስንስና ጆንያውን ከላይ ጣል እናድርግበት። በጭዱ መካከል አየር ይመላለሳል። እርጥበቱም ወደ ውጭ ይወጣል። ራት በልተን ስንመለስ ደርቆ እናገኘዋለን። ጭዱን እናራግፍና ቆቡን እናልብሰው። የገብስ ገለባ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ጢሙ ይወጋል።

ጧት ጧት ማውለቅ ነው። ሁልጊዜ! አውልቀን ማጅራቱን፣ ጀርባውንና ብብቱን በእጃችን መዳፍ እንዳስስ። ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል። ትንሽ ቅርፊት፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ እብጠት ካለ ያን ቀን አይጫን። ቆቡን ከውጭ በኩል እናራግፈው፤ ጭስ ባለበት ማጀት ሳይሆን ነፋስ ባለበት ቦታ እንስቀለው። በሳምንት አንድ ጊዜ ይታጠብ። በእንዶድ ካጠብነው አረፋው እስኪጠፋ በብዙ ውሃ እናለቅልቀው፤ እንዶድ በጨርቁ ላይ ከቀረ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ፈረሱን ራሱን ደግሞ በየቀኑ በሳሙና አንጠበው። ያ የተናገርንለት ቅባት ታጥቦ ይሄዳል፤ ፀጉሩም ዝናብ መከልከል ያቆማል።

ዝንብና ትንኝ

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ቆቡ ሌላ ሥራ ያገኛል። በዚህ ጊዜ ዝንብና ትንኝ ይበዛሉ። በተለይ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባል ክፉ ሕመም አለ። የሚያስተላልፉት በጣም ደቃቅ የሆኑ ተናካሽ ትንኞች ናቸው። ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም። የያዘው ፈረስ ያተኩሰዋል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ያብጣል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ካፍንጫው አረፋ ይወጣል። ብዙዎቹ ፈረሶች ይሞታሉ፤ አንዳንዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል። በቅሎ ከፈረስ የተሻለ ይቋቋመዋል። አህያ ብዙ አይታመምበትም።

እነዚህ ትንኞች በብዛት የሚናከሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ጀምሮ እስኪነጋ ነው። ስለዚህ ፈረሱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ ማስገባት ይረዳል። አንገቱንና ጀርባውን የሚሸፍነው ቆብም የሚነከስበትን ቦታ ይቀንሳል። ነገር ግን በቆብ ብቻ ይህን በሽታ መከላከል ይቻላል ብንል ዋሸን። ክትባት አለው። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ወቅቱ ከመድረሱ በፊት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ቆብ ለሌለው

እዚህ ላይ የእኛን ሐሳብ ሳንደብቅ እንናገር። አንድ ሰው ቆብ ከመስፋትና ጋጣውን ከማስተካከል አንዱን ብቻ ማድረግ ቢችል ጋጣውን ያስተካክል እንላለን። ፈረሱ ሌሊት የሚተኛበት መሬት ረግረግ ከሆነ ቆቡ ራሱ በአንድ ሌሊት ፋንድያና ሽንት ጠጥቶ ያድራል። ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ከማደር ባዶውን ማደር ይሻለዋል።

የጋጣው መሬት ከደጁ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ወደ በሩ ትንሽ ያዘንብል፤ ሽንቱ ይውረድ። ከበሩ ፊት ለፊት ፈረሱ በሚቆምበት ቦታ ጠጠርና ድንጋይ እናንጥፍ። ሰኮናው ዘወትር የሚበሰብሰው እዚያ ስለሆነ ነው። ከጣራው የሚወርደው ውሃ የሚሄድበት ቦይ እንቆፍር። ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን፤ ፋንድያው በየጧቱ ይጠረግ። የተጠረገው ለማሳ ይሆናል፤ ድካሙ ከንቱ አይቀርም። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ቢቻል ከሰኔ በፊት፣ መሬቱ ደረቅ እያለ ይሠራ።

ለበዓል ቀን ግን ቆቡ እንደ ፈረንጆቹ ለውበትም ያገለግላል። ለጥምቀት ጉግስ የሚወጣ ፈረስ ዋዜማውን ታሽቶ ቆቡን ለብሶ ቢያድር በማግሥቱ ያበራል። ጥር ላይ ጭቃ የለም፤ አቧራ ግን አለ። በአዊ አገር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ የፈረሶቹን ልብስና ጌጥ ያየ ሰው፣ ፈረስ ማልበስ ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። የድሮ ነገሥታትም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ፈረስን ማክበር የቆየ ነው።

የእኛ ፈረስ ከዚያ ክፉ ዓመት ወዲህ ሁለት ክረምት አሳልፏል። የጆንያ ቆቡን እየለበሰ ያድራል። ጋጣውንም ጠጠር አልብሰነዋል። ማጅራቱ ላይ የላስቲኩ ጠባሳ አለ፤ በዚያ ቦታ የበቀለው ፀጉር ነጭ ነው። ገጣባ ግን አልወጣበትም።

አምና በነሐሴ ያ «መነኮሰ እንዴ?» ያሉን ሽማግሌ መጡ። ዙሪያ ዙሪያውን ሲያወሩ ቆዩና፣ «እስቲ ያንን ቆብ ለጥቂት ቀን አውሱኝ፤ የኔም ፈረስ ጀርባው አላማረኝም» አሉ። ለሽማግሌ እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ያ የቆዳ ሕመም በጨርቅና በመፈግፈጊያ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል። ሐኪሙ ልብስም ሆነ ኮርቻ አትዋዋሱ ብሎናል። ይህንኑ ነገርናቸው። ቅር አላቸው። እኛም ሲባጎና ወስፌ ይዘን አብረናቸው ወደ ቤታቸው ሄድን። የፈረሳቸውን አንገት ለካን፤ የሲባጎውን ሦስት ልክ ቋጥረን በእጃቸው ሰጠናቸው። ጆንያውን እሳቸው ከጎተራ አወጡ።